ከስሌት ወደ ሠንጠረዥ፦ የኦፕቲማይዜሽን ሞዴል ውጤት አቀራረብ



የዛሬው ንግግሬ አዲስ ቲዎሪ አይዝም። ሞዴሉ ተቀርጾ፣ ኮምፒውተሩ ሠርቶ፣ መልሱ ከተገኘ በኋላ የሚቀረውን ሥራ፣ ማለትም ውጤቱን በሠንጠረዥ የማደራጀቱን ጉዳይ እመለከታለሁ። ብዙዎች ይህን የጸሐፊ ሥራ አድርገው ይቆጥሩታል። እኔ ግን የሞዴሉ አካል ነው እላለሁ፤ ውሳኔ የሚሰጠው ሰው እኩልታዎቻችንን አያይምና። የሚያየው ሠንጠረዡን ብቻ ነው።

ከታሪክ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1945 ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ ስቲግለር ለአንድ ጎልማሳ ሰው የሚያስፈልገውን ንጥረ ምግብ ሁሉ የሚያሟላ፣ ዋጋውም ከሁሉ ያነሰ የዓመት ቀለብ ምን ሊሆን እንደሚችል ጠየቀ። 77 የምግብ ዓይነቶችንና 9 የንጥረ ምግብ መስፈርቶችን ይዞ፣ በግምትና በማጣራት፣ በ1939 የአሜሪካ ዋጋ 39.93 ዶላር ላይ ደረሰ። በ1947 ጃክ ላደርማን ይህንኑ ጥያቄ ጆርጅ ዳንዚግ ያኔ ባገኘው የሲምፕሌክስ ዘዴ እንዲሠራ አደረገ። ዘጠኝ ሰዎች በእጅ በሚንቀሳቀሱ የሒሳብ መኪናዎች ሠሩት፤ ድካሙ 120 የሰው የሥራ ቀን ያህል ነበር። መልሱ 39.69 ዶላር ሆነ። ስሌቱ የተሠራባቸው ወረቀቶች እርስ በርስ ተለጣጥፈው እንደ ጠረጴዛ ልብስ ተዘርግተው ነበር ይባላል። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ግን የቀለቡ ዝርዝር አምስት ረድፍ ብቻ ነበር፦ የስንዴ ዱቄት፣ የበሬ ጉበት፣ ጥቅል ጎመን፣ ስፒናች እና ደረቅ ቦሎቄ። የቀሩት 72 የምግብ ዓይነቶች መጠናቸው ዜሮ ነው።

እንግዲህ ከጠረጴዛ ልብሱ ወደ አምስቱ ረድፎች እንዴት እንሻገራለን? 72ቱንስ ምን እናደርጋቸዋለን?

ለማስረዳት ብዬ የፈጠርሁትን ትንሽ ምሳሌ እንውሰድ። በሰሜኑ መጋዘን 500፣ በደቡቡ መጋዘን 600 ኩንታል ስንዴ አለ። ሦስት ከተሞች በቅደም ተከተል 300፣ 250 እና 350 ኩንታል ይፈልጋሉ። አንድ ኩንታል ከሰሜኑ መጋዘን ወደ ሦስቱ ከተሞች ለማጓጓዝ 40፣ 60 እና 90 ብር፣ ከደቡቡ ደግሞ 70፣ 65 እና 50 ብር ያስወጣል። ዝቅተኛውን ወጪ የሚፈልገው ፕሮግራም መልሱን የሚያወጣው በስድስት ረድፍ፣ ለእያንዳንዱም «ኤክስ» የሚል ስምና ሁለት ቁጥር ሰጥቶ ነው። ይህን ለመጋዘን ኃላፊ መላክ ማለት ሥራችንን ጨርሰን ሳንጨርስ መቅረት ነው። የሚከተለው ግን ይነበባል፤ መጠኑ ሁሉ በኩንታል ነው።

መጋዘን | ከተማ 1 | ከተማ 2 | ከተማ 3 | የተላከ | የቀረ
ሰሜን | 300 | 200 | – | 500 | 0
ደቡብ | – | 50 | 350 | 400 | 200
የደረሰ | 300 | 250 | 350 | 900 | 200

ጠቅላላ ወጪ፦ 44,750 ብር

ሠንጠረዡ የተዋቀረው በችግሩ ቅርጽ ነው፤ መነሻው በረድፍ፣ መድረሻው በዓምድ። ሰረዙ መንገዱ ክፍት ሆኖ ዕቅዱ እንዳልተጠቀመበት ያመለክታል። መንገድ ጭራሽ ከሌለ «መንገድ የለም» ተብሎ ይጻፍ እንጂ ባዶ ቦታ አይተው፤ ባዶ ቦታን እያንዳንዱ አንባቢ በመሰለው ይሞላዋል።

ይህ የመጀመሪያው ሠንጠረዥ «ምን እናድርግ?» ለሚል ነው። «ምን ይገድበናል?» ለሚል ሰው ሁለተኛ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፤ እኔ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የምሻውም እዚህ ላይ ነው። የሰሜኑ መጋዘን ባዶውን ቀርቷል። አንድ ኩንታል ቢጨመርለት ሁለተኛው ከተማ በ65 ብር ከደቡብ ይደርሰው የነበረውን አንድ ኩንታል በ60 ብር ከሰሜን ያገኛል፤ ስለዚህ 5 ብር ይተርፋል። ይህ በትምህርቱ ቋንቋ የጥላ ዋጋ የሚባለው ነው። በደቡብ ግን 200 ኩንታል ሳይነካ ስለተቀመጠ በዚያ የሚጨመር ኩንታል ምንም ጥቅም የለውም። ነገር ግን 5 ብር የሚለውን ቁጥር ብቻ ጽፈን ብንተው፣ ኃላፊው «እንግዲያው 300 ኩንታል ወደ ሰሜን እናዛውርና 1,500 ብር እናትርፍ» ሊል ይችላል። ሁለተኛው ከተማ ከደቡብ የሚቀበለው 50 ኩንታል ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጨመረው ስንዴ ምንም አያተርፍም። ትርፉ 250 ብር ላይ ይቆማል። ስለዚህ ከጥላ ዋጋው አጠገብ «እስከ ስንት ድረስ» የሚል ዓምድ ይኑር። ይህ ዓምድ የሌለው ሠንጠረዥ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ሰውን ያሳስታል።

ሦስተኛው ሠንጠረዥ ዜሮ የሆኑትን ይመለከታል። የመጀመሪያው ከተማ ሰዎች «ለምን ከደቡብ አልተላከልንም?» ብለው ቢጠይቁ፣ መልሱ ተዘጋጅቶ ሊጠብቃቸው ይገባል፦ ከደቡብ አንድ ኩንታል ቢላክ ጠቅላላ ወጪው በ25 ብር ያድጋል፤ መንገዱ የሚያዋጣው ማጓጓዣው ከ70 ብር ወርዶ ከ45 ብር ካነሰ ነው። ከሰሜን ወደ ሦስተኛው ከተማ ደግሞ ጭማሪው 45 ብር ነው። የስቲግለርም 72 ምግቦች ቦታቸው እንዲህ ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ ነው።

በዓለም ባንክ የተጀመረው ጋምስ የተባለው ሶፍትዌር ለተለዋዋጮቹም ለገደቦቹም አራት ዓምዶች ያትማል፦ ታችኛው ወሰን፣ የተገኘው መጠን፣ ላይኛው ወሰን፣ ማርጂናል። የጥላ ዋጋውም፣ አሁን የጠቀስሁት የ25 ብር ዓይነት ጭማሪም «ማርጂናል» በሚል አንድ ስም ይወጣሉ፤ ዜሮውንም በነጥብ ያመለክታል። ለለመደው ሰው ቁጠባ ነው፤ ለመጋዘን ኃላፊ ግን የኅትመት ስህተት ይመስላል።

ስምና መለኪያ ያለው ረድፍ ሌላም ጥቅም አለው። ዳንዚግ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለራሱ ክብደት መቀነሻ የሚሆን ምግብ በኮምፒውተር ለማስላት ሞክሮ ነበር። ጥጋብን የለካው ከምግቡ ክብደት ላይ የውኃውን ክብደት በመቀነስ ነው። መልሱ ከተለመዱት ምግቦች ጋር 500 ጋሎን ኮምጣጤ አዘዘለት። በመረጃው ላይ ኮምጣጤ ውኃ እንደሌለው ሆኖ ተመዝግቦ ነበርና። ኮምጣጤው ሲወጣ ደግሞ በቀን 200 ኩብ የሾርባ ቅመም መጣ። ረድፉ ላይ «ኮምጣጤ፣ ጋሎን» ተብሎ ስለተጻፈ ማንም ሰው ስህተቱን በአንድ እይታ ያገኘዋል። «ኤክስ 46 እኩል 500» ተብሎ ቢቀር ግን ማን ይደነግጣል?

ስለ ማጠጋጋት ባጭሩ። ሦስት ጭነቶች እያንዳንዳቸው 33.6 ቢሆኑ ድምራቸው 100.8 ነው፤ ወሰኑ 101 ከሆነ ይበቃል። ሦስቱን ወደ 34 ካጠጋጋን ግን 102 ይሆናሉ፤ ገደቡ ተጣሰ። ስለዚህ ካጠጋጋን በኋላ ድምሩንና ገደቦቹን በታተመው ቁጥር እንደገና እንፈትሽ።

በመጨረሻም ከሠንጠረዡ አናት ላይ አንድ መስመር ይቀመጥ፦ መልሱ የተረጋገጠ ዝቅተኛ ወጪ ነው ወይስ ፕሮግራሙ ጊዜው አልቆ የቆመበት? ጊዜው አልቆ ከሆነ፣ ከዚህ የተሻለ መልስ ቢኖር ቢበዛ በስንት በመቶ ይሻላል? የየትኛው ቀን ዋጋና ክምችት ገባ? የተረጋገጠውና ግማሽ መንገድ ላይ የቆመው መልስ በወረቀት ላይ መልካቸው አንድ ነው፤ ከዚያ መስመር በቀር የሚለያቸው የለም።

ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።