ናፍጣን ከውሃ ስለሚለየው ፊልትሮ



ውሃ ለፍጥረት ሁሉ ሕይወት መሆኑን የማያውቅ የለም። በናፍጣ ለሚሠራ ሞተር ግን ከውሃ የከፋ ጠላት አይገኝም። ዛሬ የምንነጋገርበት ጕዳይ ለመካኒኮች ብቻ የሚነገር የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን በየመሥሪያ ቤቱ የመኪና ስምሪት የሚመራው፣ የመለዋወጫ ግዥ የሚፈርመው፣ የጄኔሬተሩን ቤት ቁልፍ የያዘው ሰው መካኒክ ሳይሆን እንደ እርስዎ ያለ የቢሮ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ነገሩን አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው እርሱ ነው።

እስኪ አንድ ሆስፒታል ያስቡ። ሐኪሞች በቀዶ ጥገና ላይ ሳሉ መብራት ቢጠፋ፣ በግቢው ጥግ ያለው ጄኔሬተር ወዲያው ተነሥቶ ብርሃኑን ይመልሳል ተብሎ ይታመናል። ጄኔሬተሩ ግን እንደ መኪና በየቀኑ የሚሠራ አይደለም፤ ወራት ሙሉ ቆሞ፣ ናፍጣውም በታንኩ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከታንኩ ሥር ውሃ የተጠራቀመ እንደ ሆነ፣ ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ አጉረምርሞ ዝም ይላል። ባትሪው ደኅና ነው፤ ናፍጣውም ሙሉ ነው፤ የሞተሩም ዘይት በቅርብ የተለወጠ ነው። ሰው ሁሉ ምክንያቱን ሲፈልግ በሽተኛው በጠረጴዛው ላይ ይጠብቃል። የክትባት ማቀዝቀዣ ያለው ጤና ጣቢያም፣ ወላድ ይዞ በሌሊት የሚገሠግሥ አምቡላንስም ከዚህ አደጋ ውጪ አይደሉም።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ ሠርቶ ባሳየው ሞተር፣ አየሩ በብርቱ ታምቆ እጅግ ከጋለ በኋላ ነዳጁ ሲገባበት ያለ ብልጭታ ይቀጣጠላል። በዚያን ጊዜ ነዳጁ ወደ ውስጥ የሚገባው በታመቀ አየር እየተነፋ ስለ ነበረ ሞተሩ ከባድና ግዙፍ ነበር። በመኪና ላይ በሰፊው ሊሠራበት የቻለው የሮበርት ቦሽ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1927 ናፍጣውን ብቻውን በግፊት የሚረጭ ፖምፓ በብዛት ማምረት ከጀመረ ወዲህ ነው። በዚህ ፖምፓ ውስጥ በሚመላለሰው ዘንግና ዘንጉ በሚመላለስበት ቀዳዳ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ሲሆን፣ የሰው ጠጕር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ነው። እንግዲህ ነገሩ ምን ያህል የረቀቀ እንደ ሆነ ከዚህ ይገመታል።

እነዚህ የረቀቁ ክፍሎች የሚለሰልሱት በመካከላቸው በሚያልፈው ናፍጣ እንጂ በሌላ ዘይት አይደለም። በናፍጣው ፈንታ ውሃ ያለፈ እንደ ሆነ ብረት ብረትን ይፍቃል። መኪናው ቆሞ ሲያድር ደግሞ ዝገት ይጀምራል። ውሃው እስከ ኢንጀክተሩ ጫፍ ደርሶ ከግለቱ ጋራ በተገናኘ ጊዜም በድንገት ወደ እንፋሎት ስለሚለወጥ ጫፉን ሊሰብረው ይችላል። በቀድሞ ዘመን የተሠሩት ሞተሮች ይህን በደል በመጠኑ ይታገሡ ነበር። የዛሬዎቹ ግን ናፍጣውን ከ1,600 ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚረጩ ስለ ሆኑ ትዕግሥት የላቸውም፤ የመኪና ጎማ ግፊት 2 ወይም 3 ባር ያህል መሆኑን ልብ ይበሉ።

ውሃው ከወዴት ይመጣል? ብዙ ሰው የሌሊቱን ብርድ ይከሳል። በግማሽ በጎደለ ታንክ ውስጥ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ጤዛ ሆኖ በግድግዳው ላይ ይወርዳል ይባላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ሒሳቡን እንመልከት። እርጥበት የጠገበ አየር በ20 ዲግሪ ሙቀት በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የሚይዘው ውሃ 17 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ በ200 ሊትር ታንክ ውስጥ ባለው 100 ሊትር አየር የሚገኘው ከ2 ግራም አይበልጥም፤ ይህም አየር ሁሉ በአንድ ሌሊት አይለወጥም። ጤዛው በዓመት ውስጥ ተጠራቅሞ ለቆመ ጄኔሬተር ጕዳት ሊሆን ይችላል። ታንኩን ሞልቶ ማሳደር የሚመከረውም ስለዚህ ነው። ለመኪና ግን ዋናው በደለኛ ጤዛ አይመስለኝም።

ዋናው በደለኛ አያያዝ ነው። ናፍጣ ከጂቡቲ ወደብ በቦቴ ተጭኖ፣ ወደ ማደያ ጕድጓድ ተገልብጦ፣ ከዚያም ወደ በርሜል ተቀድቶ እስኪደርስ ድረስ በተገለባበጠ ቍጥር ውሃ የሚገባበት በር ይከፈታል። በተለይ በክፍለ ሀገር ባሉ የፕሮጀክትና የመንገድ ሥራ ጣቢያዎች በርሜሉን ሜዳ ላይ ቀጥ አድርጎ የማቆም ልማድ አለ። በዚህ ጊዜ የዝናቡ ውሃ በበርሜሉ አናት ላይ፣ በጠርዙ ውስጥ ይተኛል። ቀን በፀሐይ የጋለው በርሜል ሌሊት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በአናቱ ላይ የተኛውን ውሃ በክዳኑ ጥርስ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ክዳኑ የጠበቀ ቢመስልም በርሜሉ እንዲህ እየተነፈሰ ውሃ ይጠጣል። መድኀኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም። በርሜሉን ከጥላ ሥር በእንጨት ላይ ማጋደምና ሁለቱ ክዳኖች ጎን ለጎን በአንድ ከፍታ እንዲሆኑ ማዞር ነው። በርሜሉ ሙሉ ሲሆን ክዳኖቹ ናፍጣው ውስጥ ስለሚሆኑ አየርም ውሃም አይስቡም። ማጋደም ካልተቻለ ውሃው በክዳኑ ላይ እንዳይተኛ አዘንብሎ ማቆም ይበቃል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም የሚያልፍ ውሃ ስላለ መለያው ፊልትሮ አስፈለገ። አሠራሩ ከማጀት የራቀ አይደለም። ጀበና ከእሳት ወርዶ ጥቂት ሲቆይ ቡናው ይሰክናል፤ ዝቃጩም ከሥር ይቀራል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ሲመዝን አንድ ሊትር ናፍጣ ከ820 እስከ 860 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ውሃው ከሰከነ ወደ ታች ይወርዳል። በፊልትሮው ውስጥ ናፍጣው ፍጥነቱ እንዲቀንስና መንገዱ እንዲታጠፍ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ ትልልቁ ጠብታ ከታች ወዳለው ኩባያ ይወድቃል። ትንንሹ ጠብታ ግን ይህን አይታዘዝም። እንግሊዝ አገር ያስተማረው ሊቅ ጆርጅ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1851 እንዳስረዳው፣ ውፍረቱ አሥር ጊዜ ያነሰ ጠብታ የሚወርደው መቶ ጊዜ በዘገየ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ረቂቁን ጠብታ አገናኝቶ ማወፈር ያስፈልጋል። ወተት በቅል ሲናጥ በዐይን የማይታየው ስብ እርስ በርሱ እየተያያዘ ቅቤ እንደሚሆን ሁሉ፣ በፊልትሮውም ቀጭን ቃጫ ውስጥ ጠብታዎቹ ተገናኝተው ይወፍራሉ፤ ከወፈሩም በኋላ ይወርዳሉ። ውሃን የማይቀበል ቅባት የተነከረ ወረቀት ደግሞ ናፍጣውን አሳልፎ ውሃውን ይከለክላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታወቅ። በናፍጣው ውስጥ ፈጽሞ የሟሟውን ጥቂት ውሃ ይህ ፊልትሮ ሊለይ አይችልም፤ የሚለየው ጠብታ የሆነውን ነው።

ፊልትሮውን ስለ መትከል ስንነጋገር፣ ቦታው ከታንኩ በኋላና ከፖምፓው በፊት ይሁን። ፖምፓው ውሃውን እንደ ጉም ከበታተነው በኋላ መለየት አስቸጋሪ ነውና። መጠኑም ሞተሩ በሚያቃጥለው ሳይሆን ፖምፓው በሚስበው ልክ ይመረጥ፤ ብዙው ናፍጣ ሳይቃጠል ወደ ታንኩ የሚመለስ ስለ ሆነ በፊልትሮው የሚያልፈው ከሚቃጠለው እጅግ ይበልጣል። ከፖምፓው በፊት ለሚተከለው 10 ወይም 30 ማይክሮን የሚያጠራ ይበቃል፤ ረቂቁን ማጥራት ለሞተሩ ለራሱ ፊልትሮ ይተውለት። ፊልትሮው ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከጭስ ማውጫው ይራቅ፤ ድንጋይ እንዳይመታው ከሻንሲው ብረት ዝቅ አይበል፤ ለማፍሰሻውም ጠርሙስ የሚያስገባ ቦታ ከሥሩ ይተው። ኩባያው ከፕላስቲክ የተሠራና በሞተሩ ቤት የሚተከል ከሆነ የእሳት መከለያ ያስፈልገዋል። ቱቦው ለናፍጣ የተሠራ፣ ውስጡም ከቀድሞው ያልጠበበ ይሁን። የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠመጥሙት ነጭ ቴፍሎን በዚህ ሥራ አይግባ፤ ብጣሹ ተነጥሎ እስከ ኢንጀክተሩ ይደርሳል። መኪናው አዲስና በዋስትና ላይ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ተጨማሪ ፊልትሮ ከመትከል በፊት ሻጩን በጽሑፍ ማስፈቀድ ይገባል።

የተከላው ስሕተት በአንድ ምልክት ይታወቃል። ይህ የቱቦ ክፍል በመሳብ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ማሰሪያው የላላ እንደ ሆነ ናፍጣው ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ። ስለዚህ ቱቦው ደረቅ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ካደረ በኋላ በጧት ለመነሣት የሚያስቸግር ከሆነ ማሰሪያዎቹ ይመርመሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ፊልትሮው ውሃውን ይለያል እንጂ አያጠፋውም፤ በኩባያው ያጠራቅመዋል። ኩባያው በሞላ ጊዜ ውሃው እንደ ቀድሞው ወደ ፖምፓው ያልፋል። ያልተፈሰሰ ፊልትሮ ካልተተከለ ፊልትሮ አይሻልም፤ እንዲያውም ባለቤቱን ስለሚያዘናጋ የባሰ ነው ለማለት እደፍራለሁ። ማፍሰሱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ጧት ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ ውሃው ሌሊቱን ሰክኖ ባደረበት ሰዓት፣ ጠርሙስ ከሥር ይዞ ማፍሰሻውን መክፈት ነው። አልወርድ ያለ እንደ ሆነ ከላይ ያለውን የአየር ብሎን ጥቂት ማላላት ያስፈልጋል። ንጹሕ ናፍጣ መውረድ ሲጀምር ይዘጋል፤ ከዚያም አየሩን ለማስወጣት የእጅ ፖምፓው ይጨቈናል። በጠርሙሱ ውስጥ ከታች የተለየው ውሃ በግልጽ ይታያል። በውሃውና በናፍጣው መካከል ጥቁር አተላ የታየ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህ በድንበሩ ላይ የሚያድግ ሻጋታ ነው። ከዐይነቶቹ አንዱ፣ ሆርሞኮኒስ ሬዚኔ የሚባለው፣ የጄት አውሮፕላኖችን የነዳጅ ታንክ ሳይቀር ሲያስቸግር ኖሯል። ያን ጊዜ ፊልትሮ መለወጥ ብቻ አይበቃም፤ ታንኩ ራሱ ይታጠብ።

የወረቀቱ መለወጫ ጊዜ በሞተሩ መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። በቤንዚን አጥቦ ወይም በአየር ነፍቶ መልሶ መግጠም ቍጠባ መስሎ የሚታያቸው አሉ፤ የሚያተርፉት ግን ቀዳዳ ነው። በጨረታም ጊዜ ዝቅተኛውን ዋጋ ብቻ መመልከት ያሳስታል። ውሃን በሚከለክል ቅባት የተነከረውና ያልተነከረው ፊልትሮ ከውጭ ሲታዩ መንትዮች ናቸው። ስለዚህ በግዥ ደብዳቤው ላይ «ውሃ የሚለይ» የሚል ቃልና የሞተሩ ዐይነት በግልጽ ይጻፍ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ሲታሰብ፣ በእጅ ያለውን ሞተር ዕድሜ ማርዘም የግዥ ሠራተኛው ሥራ ጭምር ሆኗል።

በብዙ መሥሪያ ቤቶች የጎማና የዘይት ለውጥ መዝገብ አለ፤ ውሃ የማፍሰስ ዓምድ ግን አይገኝም። ሾፌሩ የጋራዡ ሥራ ነው ይላል፤ ጋራዡ የሾፌሩ ነው ይላል፤ የጄኔሬተሩማ የማንም አይደለም። እርስዎ በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ያስጨምሩ፤ ቀኑን፣ የወረደውን ውሃ መጠንና የአፍሳሹን ፊርማ የሚይዝ ይሁን። ውሃ አገኘሁ ብሎ የሚያስታውቀውን ሾፌር ናፍጣ ቀይረሃል ብሎ ከመጠርጠር ይልቅ፣ ናፍጣው የተቀዳበትን ማደያ ይጠይቁት። ውሃው በአንድ ማደያ በተቀዳ ቍጥር የሚገኝ እንደ ሆነ መዝገቡ ራሱ ይመሰክራል። ለጄኔሬተሩ ደግሞ በየሳምንቱ የሚፈተንበት ቀን የማፍሰሻም ቀን ይሁን፤ የሚፈሰውም ከፊልትሮው ብቻ ሳይሆን ከታንኩም ሥር ነው።

በብዙ መኪኖች በሾፌሩ ፊት የፊልትሮ መብራት አለ። ውሃ ኤሌክትሪክን ሲያስተላልፍ ናፍጣ የማያስተላልፍ ስለ ሆነ፣ በኩባያው ውስጥ ያለው ውሃ እስከ መርማሪው ሽቦ ከፍ ሲል መብራቱ ይበራል። ይህ መብራት በመንገድ ላይ የበራ እንደ ሆነ እስከሚቀጥለው ከተማ ልድረስ አይባልም። መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ እዚያው ማፍሰስ ነው። ስለዚህ ወደ መስክ የሚሰማራ መኪና ሁሉ አንድ ትርፍ ፊልትሮ፣ የሚገጥመውን መፍቻ፣ ንጹሕ ጨርቅና ክዳን ያለው ጠርሙስ ይያዝ። በጠርሙሱ የተቀዳውም በመንገድ ዳር ሳይደፋ ወደ ጋራዡ ተመልሶ ከተቃጠለው ዘይት ጋራ ይቀመጥ።