የመቅደላ መድኃኔ ዓለምና በአምባው ዙሪያ ያረፉት ወታደሮች

በአገራችን ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቤት ብቻ ሳይሆን የመጻሕፍት ግምጃ ቤትና የሙታንም ማረፊያ ነው። ስለዚህ የአንድን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ የሚጠይቅ ሰው፣ በአጠገቡ ስላረፉት ሰዎች ደግሞ መጠየቁ አይቀርም። ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው በወሎ ምድር፣ ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በመቅደላ አምባ ላይ ስለ ነበረው ስለ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንና በዚያ አካባቢ ስለ ወደቁት ወታደሮች ነው።

መቅደላ ዙሪያው ገደል፣ መውጫው ጥቂት የሆነ አምባ ነው። ዛሬ አምባ ማርያም ተብሎ ይጠራል። በአጠገቡ ፈላና ሥላሴ የሚባሉ ሁለት ተራሮች ሲኖሩ፣ ከፈላ ግርጌ የእሮጌ ሜዳ ተዘርግቶ ይታያል። ዐፄ ቴዎድሮስ አምባውን በ1848 ዓ.ም. ከያዙት በኋላ ምሽግ፣ ወህኒ ቤትና ግምጃ ቤት አደረጉት። ለመድኃኔ ዓለምም ቤተ ክርስቲያን ብዙ የብራና መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት አስመጡ። ከእነዚህ የሚበዙት ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተወሰዱ ስለ ነበሩ፣ የጎንደር ካህናት ወደው የሰጧቸው አልነበሩም።

የጦርነቱ ምክንያት በአጭሩ ይህ ነው። ንጉሡ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶርያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ቢያጣ፣ ቆንስሉን ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። እነርሱን ለማስፈታት ጀኔራል ናፒየር 13,000 ያህል የእንግሊዝና የሕንድ ወታደሮች ይዞ በዙላ በኩል ገብቶ እስከ መቅደላ ዘለቀ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት ነበር። ወደ ማታ ገደማ የቴዎድሮስ ወታደሮች በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ከፈላ ወደ እሮጌ ወረዱ። የያዙት ጦርና ጋሻ፣ ወይም በአፈ ሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። እንግሊዞች ግን ከኋላው የሚጎርስና ቶሎ ቶሎ የሚተኩስ፣ ስናይደር የሚባል አዲስ ጠመንጃ ነበራቸው። ወታደሮቹ ደጋግመው ቢገፉም ጥይቱ አላስጠጋቸውም። በጥቂት ሰዓት ውስጥ 700 ያህል ሰዎች ሞቱ፣ 1,200 ያህልም ቆሰሉ፤ ፊታውራሪ ገብርዬም በዚያው ወደቁ። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ሲሆኑ ከእነርሱ የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። ሌሊቱን ዘመድ ዘመዱን በችቦ ብርሃን ሲፈልግ፣ ለቅሶው በሸለቆው ውስጥ ሲሰማ አደረ።

እውነተኛ ታሪክ የሚወደደውን ብቻ አይነግርምና ስለ ሌሎቹም ሙታን መናገር ይገባል። በዋዜማው፣ በጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞች በንጉሡ ትእዛዝ ከገደል ተጥለው ነበር። እነርሱም የዚያው ምድር ሙታን ናቸው።

በትንሣኤ ማግሥት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ እንግሊዞች አምባውን ሲሰብሩ ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። በማግሥቱ ካህናቱ በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቀበሯቸው። ነገር ግን መቃብሩ ገና አፈሩ ሳይደርቅ፣ ሚያዝያ 10 ቀን አምባው በእሳት ተቃጠለ፤ ቤተ ክርስቲያኑም አብሮ ነደደ። ከዚያ በፊት የተዘረፈው ዕቃ በ15 ዝሆኖችና 200 በሚያህሉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ከተወሰደ በኋላ በሐራጅ ተሸጠ። የንጉሡ አጽም ኋላ ወደ ቋራ፣ ወደ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም እንደ ተዛወረ ይነገራል።

ከመጻሕፍቱም 600 ያህሉ በመንገድ ላይ በመቀሌ አጠገብ ላለችው ለጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሲሰጡ፣ 350 ያህሉ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ። ይህች ጨለቆት ራስ ወልደ ሥላሴ ያሠሯት የቆየች ደብር ናት። የንጉሡ ባለቤት እቴጌ ጥሩወርቅም ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ በግንቦት ወር በመንገድ ስላረፉ የተቀበሩት በዚያው በጨለቆት ነው። የሰባት ዓመት ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ባሕር ተሻግሮ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተና በዊንድዘር ተቀበረ። እንግዲህ የአባት፣ የእናትና የልጅ መቃብር በሦስት ቦታ ተለያየ ማለት ነው።

ከተወሰደው ጥቂቱ ተመልሷል። በኤዲንብራ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተገኘ የመቅደላ ታቦት በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ገባ። የዐፄ ቴዎድሮስም ጉንጉን ጸጉር በ2011 ዓ.ም. ከለንደን ተመለሰ። የወርቁ ዘውድና ጽዋው ግን እስከ ዛሬ በዚያው በለንደን ሙዚየም ይገኛሉ። በመቅደላ ራሱ የቀረው ታላቅ ምስክር፣ ሠራዊቱ ከደብረ ታቦር በብዙ ድካም እየጎተተ ያመጣው ሴባስቶፖል የሚባለው መድፍ ነው።

የመድፉን ስም ሁላችን እናውቃለን። የንጉሡንና የፊታውራሪውንም እናውቃለን። መድፉን የጎተቱትና በእሮጌ የወደቁት ወታደሮች ግን አብዛኞቹ ስማቸው አልተጻፈም፤ በመቃብራቸው ላይም ድንጋይ አልቆመላቸውም። አባቶቻችን ግን ስምን የመጻፍ ልማድ ነበራቸው። በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግ ላይ መጽሐፍ ያጻፈው፣ መሬት የሰጠው፣ ጸሎት የሚደረግለትም ሰው ስም ተጽፎ ይገኛል። መጽሐፍ ሲሰደድ ስምም አብሮ ይሰደዳል የምንለው ስለዚህ ነው።

በየሰፈራችን ባለው ደብር ቅጥር ግቢ በአንዱ ጦርነት ወይም በሌላው የወደቀ ሰው ያረፈበት ቦታ አይታጣም። ተማሪዎች በክረምቱ ዕረፍት ወደ የአገራችን ስንሄድ ሽማግሌዎችንና ካህናቱን በአክብሮት ጠይቀን፣ ያረፈው ማን እንደ ሆነ፣ የት ዘምቶ እንደ ወደቀ፣ የማን ልጅ እንደ ነበረ በደብተራችን ብንጽፍ፣ ሥራው ቀላል፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ወላጆቻችንም የሚያውቁትን ይንገሩን። የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ካለፉ በኋላ ግን የምንጠይቀው ሰው አይኖርም።