የራሱ ያልሆነውን ብርሃን የሚሸከም ዓሣ

ማታ መብራት ድንገት ሲጠፋ በየቤታችን የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ «ሻማው የት ነው?» የሚል ነው። የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት የባሕር ጥልቀት የሚኖሩ ብዙ ፍጥረታት ግን ሻማቸውን በአካላቸው ይዘው ይዞራሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት በካሊፎርኒያ አቅራቢያ ባለው ባሕር ውስጥ ከታዩት እንስሳት 76 በመቶ ያህሉ ብርሃን ማመንጨት የሚችሉ መሆናቸውን አመልክቷል።

ይህ እንዴት ይሆናል? ሉሲፈሪን የተባለ ንጥረ ነገር ሉሲፈሬዝ በተባለ ኤንዛይም አማካይነት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ጉልበቱ በብርሃን መልክ ይወጣል። ሙቀቱ እጅግ ጥቂት ስለሆነ «ቀዝቃዛ ብርሃን» ይባላል። ቀለሙም በአብዛኛው ሰማያዊ ነው፤ በባሕር ውኃ ውስጥ ርቆ የሚጓዘው ይህ ቀለም ነውና።

ለአገራችን ቅርብ በሆነው በቀይ ባሕር አንድ ትንሽ ዓሣ አለ፤ ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቀን በዋሻ ተደብቆ ይውላል፤ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ይወጣል። ከዓይኖቹ ሥር ሁለት ከረጢቶች አሉት። የሚያበራው ግን እርሱ ራሱ አይደለም። በከረጢቶቹ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እርሱ ማደሪያና ምግብ ይሰጣቸዋል፤ እነርሱ ቀንም ሌሊትም ያበሩለታል።

ብርሃኑን ማጥፋት ስለማይችል ጥቁር የቆዳ መጋረጃ ከታች ወደ ላይ እየሳበ ይሸፍነዋል። በ1975 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንደሚያስረዳው በዚህ ብርሃን ምግቡን ይፈልጋል፤ ከወገኖቹ ጋር ይነጋገራል። ጠላት ሲያሳድደው ደግሞ እያበራ ይዋኝና ድንገት ሸፍኖ በሌላ አቅጣጫ ያመልጣል። ጥንድ ሆነው የሚኖሩትም ክልላቸውን ይጠብቃሉ፤ ሴቲቱ ብርሃኗን ሸፍና ወደ ሰርጎ ገቡ ትጠጋና ፊቱ ላይ ታበራበታለች።

የተወደዳችሁ ባለትዳሮች፣ ከዚህች ፍጥረት ሁለት ነገር እንማር። አንደኛ፣ በቤታችን የሚታየው ፍቅርና ትዕግሥት ከእኛ የመነጨ አይደለም፤ በውስጣችን ያደረው ጌታ ብርሃን ነው። የእኛ ድርሻ ማደሪያውን በጸሎትና በቃሉ መጠበቅ ነው። ሁለተኛ፣ እውነት ሁሉ በማንኛውም ሰዓት አይበራም። በእንግዳ ፊት የባልን ወይም የሚስትን ጉድለት ማውጣት ዓይን ያጠፋል እንጂ መንገድ አያሳይም። ያን ጊዜ መጋረጃውን መሳብ ፍቅር ነው። ለብቻ ስትሆኑ ግን ተሸፍኖ አይቅር፤ በየዋህነት ግለጡት።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት እርስ በርስ ተጠያየቁ፦ በዚህ ሳምንት ብርሃናችን ያሳየው መንገድን ነው ወይስ ጉድለትን?