ኃይሉ መርጊያ ብቻውን የቀዳው ካሴት

ቡሌ ሆራ ውስጥ አንድ ኪቦርድ ተጫዋችና ሁለት ስፒከር የሰርግ ድንኳን ሙሉ ሰው ሲያስጨፍሩ ያድራሉ። «ማሽኑ ነው እኮ የሚጫወተው» እያሉ የሚያጣጥሉ ግን አይጠፉም። እነሱን የማስደምጣቸው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን አካባቢ የቀዳውን ካሴት ነው።

ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር። ባንዱ አዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት ሠርቷል፤ በ1977 «ቼ በለው» የተሰኘውን አልበም አወጣ። በ1981 ለዝግጅት አሜሪካ ሲሄድ ኃይሉን ጨምሮ አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ።

ካሴቱ ላይ አኮርዲዮን፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሞግ ሲንተሳይዘርና ያማሃ ዲኤክስ 7 ይሰማሉ፤ ከበሮው ድራም ማሽን ነው። ኃይሉ አንዱን ቀድቶ በላዩ ሌላውን እየደረበ ሁሉንም ብቻውን ተጫወተ። ድራም ማሽን አይፈጥንም፣ አይዘገይም፤ ሰው የሚያማርረውም በዚሁ ነው። ልብ ብሎ ለሰማ ግን ጥቅሙ እዚያው ላይ ነው፤ ምቱ ከቦታው ስለማይነቃነቅ ኃይሉ ዜማውን እንዳሻው ይጎትተዋል፣ ያሳርፈዋል፣ ዘግይቶ ይገባበታል። የዚያ ዘመን ሞግ ደግሞ ባብዛኛው በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ነበር። ኮርድ ለለመደ ፒያኖ ተጫዋች ይህ ጉድለት ነው፤ በአምስት ድምፅ ቅኝት ለሚሄድ ዜማ ግን ምንም አያጎድልበትም። ዋሽንትም በአንድ ጊዜ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ነው። ስለዚህ ሞጉ የዘፋኙን ቦታ ይይዛል፤ አኮርዲዮኑም ወናፉ በእጅ የሚገፋ በመሆኑ ትንፋሽ ይጨምርበታል። ከካሴቱ ዜማዎች «ሸሞንሟናዬ» ላይ ይህ ሁሉ ጎልቶ ይሰማል።

አንድ የሰርግ ኪቦርድ ተጫዋች ለምን ከፋብሪካ የመጣውን ምት ለዘፈን ሁሉ እንደሚጠቀም ብጠይቀው «ጋሼ፣ ሰው እስከጨፈረ ምን ችግር አለው?» አለኝ። ችግርማ አለው። የጉጂውም የቦረናውም ዘፈን የየራሱ አረጋገጥ አለው፤ ሁለቱን በአንድ አዝራር ማልበስ ስንፍና ነው። ልጆች፣ ምቱን ራሳችሁ ሥሩት፤ ግራ እጃችሁንም አታሳርፉት።

ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር አግኝቶት በ2013 በድጋሚ አሳተመው። ኃይሉ ያኔ ዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ተራ እስኪደርሰው መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን ይለማመድ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ መድረክ ወጥቷል፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አውጥቷል። «ላላ በሉ» ላይ ባስና ድራም የሚጫወቱለት ሰዎች አሉ፤ ደስ ይላል። ጀማሪ ግን የ1985ቱን ያስቀድም፤ ያውም በስልክ ስፒከር ሳይሆን ባሱ በደንብ በሚሰማበት ነገር።