የኤሌክትሪክ ኬብል ከኮርኒስ በላይ ለምን ይታሰራል?

በደምበጫም ሆነ በሌሎች የጎጃም ከተሞች የእንጨትና ጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳንና ኮርኒስ ያላቸው ቤቶች በብዛት ይገኛሉ። ለቢሮነት የሚያገለግሉም አይጠፉም። የኤሌክትሪክ መስመራቸው ከኮርኒሱ በላይ የሚያልፍ በመሆኑ በርክክብ ዕለት ወደ ላይ ወጥቶ የሚመለከት እምብዛም ነው፤ አምፖሉ ከበራ ሥራው ተጠናቀቀ ይባላል።

ይሁንና ሳይታሰር የተንጠለጠለ ኬብል ክብደቱን የሚጥለው በሶኬት ወይም በማገናኛ ሳጥን ውስጥ ባለች ብሎን ላይ ነው። ኬብሉ በተነካና በተወዛወዘ ቁጥር ብሎኗ ትላላለች፤ የላላ መጋጠሚያ ደግሞ ይግላል። ለአብነት 3 ሺህ 500 ዋት የሚፈልግ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፒር ያህል ይስባል። በመጋጠሚያው ላይ የ0.1 ኦም ተቃውሞ ቢፈጠር 25 ዋት ያህል ሙቀት በዚያች ጠባብ ቦታ ይከማቻል። ብሬከር የሚያቋርጠው ፍሰቱ ከመጠን ሲያልፍ በመሆኑ ይህን ግለት አያውቀውም። ልል ኬብል በቆርቆሮ ጠርዝ እየተፋተገ ሽፋኑ ከተላጠም ክዳኑ በሙሉ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል።

የማሰሪያው ዓይነትም ቀላል ጉዳይ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ በ2005 በስቲቭኔጅ ከተማ ሃሮው ኮርት፣ በ2010 ደግሞ በሳውዛምፕተን ሸርሊ ታወርስ በተባሉ የመኖሪያ ሕንፃዎች በደረሱ ቃጠሎዎች በእያንዳንዳቸው ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሕይወታቸው አልፏል። በሁለቱም ስፍራ ከላይ የወረዱ ኬብሎች ሠራተኞችን ጠልፈው ይዘው ነበር። ፕላስቲክ መያዣ በእሳት ቶሎ ይቀልጣልና የአገሪቱ ደንብ እ.ኤ.አ በ2015 በመውጫ መንገዶች፣ በ2018 ደግሞ በመላው ሕንፃ ኬብሎች በቃጠሎ ጊዜ ቶሎ እንዳይወድቁ ተደርገው እንዲታሰሩ አስገድዷል።

በአገራችንም እ.ኤ.አ በ1995 የወጣው የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ 10ኛውን ክፍል ለሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ መድቦ ነበር።

በጭቃ ቤት ልዩ ችግር አለ። ምርጊት ላይ የተመታ ሚስማር ጭቃው ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ይወልቃል፤ በመሆኑም ማሰሪያው ከምርጊቱ አልፎ እንጨቱን መያዝ ይኖርበታል። ስለ ርቀቱ፣ የአሜሪካ ደንብ ለተለመደው የቤት ውስጥ ኬብል በየ1.4 ሜትሩ፣ ከማገናኛ ሳጥኑም በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ እንዲታሰር ያዛል። ማሰሪያው ኬብሉን መደገፍ እንጂ ሽፋኑን እስኪጎዳ ማነቅ የለበትም።

ተረካቢው መሥሪያ ቤት ይህን ሁሉ ያለ መሰላልና ያለ ድካም ሊያይ የሚችለው ኮርኒሱ ከመመታቱ በፊት ነው።