ገመዱ አይቆምም

ላ ፓዝ የገባሁት ከላይ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማዋ አናት፣ ኤል አልቶ በሚባለው ሜዳ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ስለሆነ ከፍታ አይከብደኝም ብዬ ነበር፤ ሻንጣዬን ይዤ ሃያ እርምጃ ሳልራመድ ትንፋሽ አጠረኝ። ትንሽ እንደሄድን ሜዳው በድንገት ገደል ሆነና ከተማዋ ከእግሬ ሥር ተዘረጋች። ቀያይ የጡብ ቤቶች ከገደሉ አፋፍ እስከ ሸለቆው ድረስ ተደራርበዋል፤ ማዶ በረዶ የለበሰው የኢሊማኒ ተራራ ቆሟል፤ በመካከሉ ደግሞ አየር ላይ ተሰልፈው የሚወርዱና የሚወጡ ቀያይ ሳጥኖች። ዓይኔ ከእነሱ አልነቀል አለ።

ስለ ከተማዋ ባጭሩ፦ እ.ኤ.አ. በ1548 የተቆረቆረች ናት። የቦሊቪያ መንግሥት መቀመጫ እሷ ብትሆንም በሕገ መንግሥቱ ዋና ከተማ የተባለችው ሱክሬ ናት። ሀብታሙ ሞቅ ከሚለው ከታች፣ ድሃው ብርዱ ከሚጠናበት ከላይ ይኖራል።

ሳጥኖቹ “ሚ ቴሌፌሪኮ”፣ ማለትም የእኔ የአየር ገመድ መጓጓዣ፣ ይባላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ሲሆኑ ሥራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ቀለማቱ የቦሊቪያ ሰንደቅ ዓላማ ናቸው፤ ለእኛም ዓይን እንግዳ አይደሉም። ዛሬ መስመሮቹ 10 ደርሰዋል።

ብዙ ጎብኚ ይህን ነገር የመዝናኛ ስፍራ መጫወቻ ያደርገዋል። ሌላ የማይለቅ ስሕተትም አለ። ጣቢያ ውስጥ አጠገቤ የቆመ መንገደኛ “ሰው እስኪሳፈር ገመዱን ያቆሙታል አይደል?” ብሎ ጠየቀኝ። አያቆሙትም። የዚህ ማሽን ውበት ያለው እዚህ ላይ ነውና ላስረዳ።

ገመዱ በሰከንድ 5 ሜትር ያህል እየሮጠ ይውላል። የሚላቀቀው ካቢኑ ነው። እያንዳንዱ ካቢን የተንጠለጠለበት ክንድ ጫፍ ላይ ገመዱን የሚነክስ የብረት መንጋጋ አለ። መንጋጋውን ገጥሞ የያዘው ጠንካራ ሞላ እንጂ ኤሌክትሪክ አይደለም፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ንክሻው አይላላም። ካቢኑ ጣቢያ ሲገባ ከመንጋጋው ጋር የተያያዘች ትንሽ መንኮራኩር በሐዲድ ትጫናለች፤ ሞላው ይሸነፋል፤ መንጋጋው ይከፈታል። ገመዱ ሩጫውን ይቀጥላል። ካቢኑ ግን ሐዲዱ ላይ ቀርቶ፣ ከላይ የተደረደሩ ጎማዎች እየያዙት፣ ከሰው እርምጃ በታች እስኪሆን ይዘገያል። በሩ ይከፈታል፤ ወራጁ ይወርዳል፣ ተሳፋሪው ይገባል። መውጫው ላይ እንደነዚያው ያሉ ጎማዎች ይገፉታል። ፍጥነቱ ከገመዱ ፍጥነት ጋር ሲተካከል መንጋጋው መልሶ ይነክሳል። እኩል ስለሚሮጡ ውስጥ የተቀመጠው ሰው መነቅነቅ እንኳ አይሰማውም። እኔ ይህን ለማየት ብቻ ጣቢያው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ። “ቋ” የሚል አጭር ድምፅ ይሰማል፤ ቀጥሎ ሌላ ካቢን፣ ሌላ “ቋ”።

ድምፁን ቁጠሩት። አንዱ ካቢን 10 ሰው ይይዛል፤ በየ12 ሰከንዱ አንድ ይነሣል። በሰዓት 300 ካቢን፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ 3,000 ሰው ማለት ነው። ገመዱ በየጣቢያው ሰው ለማሳፈር ቢቆም ኖሮ ይህ ሁሉ ሕዝብ ገደሉ ሥር ተሰልፎ ይውል ነበር።

በቀዩ መስመር ስወጣ ፊት ለፊቴ አንዲት እናት ተቀመጡ። ክብ ጥቁር ባርኔጣ፣ ሰፊ ሽንሽን ቀሚስ፣ ጀርባቸው ላይ በደማቅ ባለ መስመር ጨርቅ የታዘለ ሸክም። ሲገቡ ሁላችንንም “ብዌኖስ ዲያስ” ብለው ሰላም አሉን፤ ሁሉም መለሰ። ከሥራችን የከተማዋ መካነ መቃብር አለፈ፤ መቃብሮቹ እንደ ፎቅ ቤት ተደራርበው፣ በየመስታወታቸው ውስጥ አበባ ተቀምጦላቸው። እናትየው አማተቡ፤ እኔም አማተብሁ። ዕለቱ ሐሙስ ነበር፤ ሐሙስና እሑድ ኤል አልቶ ላይ ታላቅ ገበያ ይቆማል። ላይ ስንደርስ እናትየው ሸክማቸውን አስተካክለው ሕዝቡ ውስጥ ገቡ። በመኪና ቢሆን ያን ዳገት በጠመዝማዛ መንገድ፣ በሚኒባስ ግፊያ ነበር የሚወጡት። እኛ ግን 10 ደቂቃ ገደማ ነው የፈጀብን።

ስለዚህ ፎቶ ለማንሳት እየተነሣችሁ ካቢኑን የምታወዛውዙ፣ በሥራ መግቢያ ሰዓት ለሽርሽር ወንበር የምትይዙ እንግዶች፣ ተዉ። የተሳፈራችሁት ሰው ወደ ሥራው የሚሄድበት አውቶቡስ ነው። ረፋድ ላይ ሂዱ። እኔ የከፈልሁት 3 ቦሊቪያኖ ነው። ስትገቡ ሰላም በሉ፤ ቁጭ በሉ፤ ከጣቢያው ስትወጡ ያቺን “ቋ” አድምጡ።