ትንበያው 3 ዲግሪ ሲል ማሳውን ውርጭ ለምን ይመታዋል?

ከጥቅምት እስከ ጥር በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ ደጋማ ሜዳዎች የሌሊቱ ቅዝቃዜ ይበረታል። አርሶ አደሩ «ዝቅተኛው ሙቀት 3 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሆናል» የሚል ትንበያ ሰምቶ ይተኛል፤ ሲነጋ ግን ባቄላው ጠውልጎ፣ የድንቹ ቅጠል ጠቁሮ ያገኘዋል። ትንበያው ግን ስህተት ላይሆን ይችላል።

የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ሙቀትን የሚለካው ከመሬት 1 ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ፣ አየር በሚያስገባ ነጭ ሳጥን ውስጥ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ከዋክብት በሚደምቁበት፣ ነፋስም በማይነፍስበት ሌሊት መሬት ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት በፍጥነት ስለምትለቅ፣ ሰብሉን የሚነካው አየር በሳጥኑ ውስጥ ካለው በብዙ ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ደመና ቢኖር ኖሮ እንደ ጋቢ ሆኖ ሙቀቱን ይይዘው ነበር። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነም እንደ ውኃ ቁልቁል ወርዶ በረባዳው ስፍራ ይተኛል፤ የጋራው ወገብ ላይ ያለው ማሳ ሲተርፍ ግርጌው ላይ ያለው የሚመታው በዚህ ነው። ትንበያ ደግሞ የሚነገረው ለሰፊ አካባቢ እንጂ ለአንድ ማሳ አይደለም።

እንግዲህ የተነገረው ከ4 ዲግሪ በታች ከሆነ፣ ምሽቱም የጠራና ጸጥ ያለ ከሆነ፣ ውርጭ መጠበቅ ይገባል። መስኖ ያለው ማሳውን ቀን ላይ ቢያጠጣ እርጥቡ አፈር ሙቀት ይዞ ያድራል። የከተማ ነዋሪም የጓሮ ችግኙን ፀሐይ ሳትጠልቅ በጆንያ ወይም በገለባ ሸፍኖ፣ ጠዋት ሙቀት ሲመለስ ይግለጠው።